ከጠርሙሱ አንገት የፈታሁት ክር

ያን ጠዋት ቀዩን ክር ከበረኪናው ጠርሙስ አንገት ላይ ስፈታው፣ ለእትዬ አስካለ መንገሩን ረስቼ ነበር ወይስ እያወቅኩ ዝም አልኩ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ጥያቄ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም መልሱን አላውቅም። ጥያቄውን ራሱን እንኳ እስካለፈው ኅዳር ድረስ ሰው ሰምቶት አያውቅም ነበር። አክስቴ ሳትሰማው ሞተች። ባሌ የሚሰማው ይህን ሲያነብ ነው። እኔ በምጸልይበት ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ እሑድ እሑድ የፈለገ ሰው ተነሥቶ ይመሰክራል። ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጤንነቴ አመስግኜ ተቀመጥኩ። ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ የሰሚውን ወንበር ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። እባክዎ ቶሎ አይዘኑልኝ።

የምሠራው ኮተቤ፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሥራዬ መጽሐፍ መመዝገብ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መለጠፍ፣ በየቦታው መደርደር ነው። ወረቀቱ ትንሽ ከተጣመመ ልጬ እንደገና እለጥፈዋለሁ። ሰው ግን የሚያውቀኝ በመጽሐፍ ሳይሆን በልብሴ ነው። ግራጫ ሹራቤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ክርኑ አልሳሳም፣ አንገቱ አልላላም። “አንቺ ጡረታ ስትወጪ ይሄ ሹራብ ይተካሻል” ይለኛል የሒሳብ መምህሩ። ወጣቶቹ መምህራን የአዲስ ልብሳቸው ቀለም በሁለት እጥበት ሲሄድባቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። እነግራቸዋለሁ። ገልብጣችሁ እጠቡ። ሳሙናውን መጀመሪያ ውኃው ውስጥ አሟሙት እንጂ ልብሱ ላይ አትነስንሱት። ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ። አትጠምዝዙ፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ላይ አስጡት።

“ማን አስተማረሽ?” ይሉኛል።

“እናቴ” እላለሁ።

እናቴ የሞተችው የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ልብስ ስታጥብ ያየኋት አይመስለኝም። ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ስማቸውን ላለመጥራት ስል የሞተች እናቴን አጣቢ አደረግኋት። ይህም ይመዝገብልኝ።

ከጋሞ ያመጣችኝ አክስቴ አልማዝ ቤቷ ሲግናል ነበር፤ መገናኛ ጨርቅ ትነግድ ነበር። የቤት ሥራ እያገዝኩ አብሬያት ኖርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የማታ ትምህርት ቤት አስገባችኝ፤ አንደኛ ክፍል። በዚያ ዕድሜ ከሕፃን በታች ሆኖ ፊደል መቁጠር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። ደብተሬን ከሰው ፊት አልገልጥም ነበር። ትንሽ ሲገባኝ ግን ተገላበጥኩ፤ ከሰው ፊት ካልሆነ አልገልጥም አልኩ።

እትዬ አስካለ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ውኃ በሚመጣባቸው ቀናት፣ ልብስ ሊያጥቡልን ይመጣሉ። አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሴት ነበሩ። ሲግናል ውስጥ ሰባት ስምንት ቤት ያጥባሉ፤ ሰው ለሠርግ የሚለብሰውን ከእሳቸው በቀር ለማንም አይሰጥም። ያኔ “አንቺ” ነበር የምላቸው። እኔ የቤቱ ዘመድ፣ እሳቸው አጣቢ። አሁን ስጽፍ “እሳቸው” ማለቴ ያኔ ያልኩትን አያነጣውም።

“ልብስን የሚያስረጀው ለባሹ አይደለም፤ አጣቢው ነው” ይሉ ነበር። ከመንከራቸው በፊት እያንዳንዱን ልብስ በጣታቸው ይዳስሱታል። የላላ ስፌት፣ ሊወልቅ የደረሰ ቁልፍ፣ የሳሳ ቦታ፣ ሁሉን ከዓይናቸው በፊት ጣታቸው ያገኘዋል። ነጭ ጋቢ የሚያጥቡት ከእንጦጦ ቁልቁለት ራሳቸው ለቅመው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው በሚያመጡት እንዶድ ነው። በረኪና ለአንሶላና ለማድቤት ጨርቅ ብቻ። “በረኪና ያነጣል፣ ክሩን ግን ይበላል። እንዶድ ያነጣል፣ ክሩን ይተዋል።” ጥለት ላለው ልብስ ደግሞ መጨረሻ በሚለቀለቅበት ውኃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ያደርጋሉ፤ ቀለሙን ይዞ እንዲቀመጥ።

በረኪናውና አቼቶው የሚቀመጡት ከቧንቧው በስተጀርባ፣ ድንጋይ ላይ፣ በሁለት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውስጥ ነው። ሁለቱም ውኃ ይመስላሉ። ሁለቱ ከተገናኙ ደረት የሚያፍን ነገር ይወጣቸዋል እያሉ እትዬ አስካለ በጣም ይጠነቀቁ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ የበረኪናው ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ክር አስረዋል። ሲሠሩ ዓይናቸውን ከሳፋው አያነሱም። እጃቸውን ወደ ኋላ ይሰዳሉ፣ አውራ ጣታቸው የጠርሙሱን አንገት ይዳስሳል። ክር ካለ በረኪና ነው። ክር ከሌለ አቼቶ። በቃ። በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስተው አያውቁም።

እኔን የሚጠሩኝ “ተማሪዋ” ብለው ነበር። አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ አንዷ ቃል አልወጣ አለችኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኳት።

“ተማሪዋ፣ ይቺ ቃል ምን አደረገችሽ?” አሉኝ ካልሲ እያሹ።

“ከባድ ናት። አንቺ አታውቂውም።”

“እሱስ አላውቅም። እኔ ክሬን የተማርኩት በአንድ ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም አልጠፋኝ።” ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ደብተሬን ዘግቼ ገባሁ፤ ያን ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ አመነዠግኩት።

ጳጉሜን ገባ። ለአዲስ ዓመት ቤቱ ውስጥ ያለ ጨርቅ ሁሉ የሚታጠብበት ሳምንት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የአክስቴ ቀሚስ ነበር። ጥጡን የፈተለችው እናቷ ናት፤ የሸመነው አጎቷ ነው። ጠርዙ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። አያቴ በሞተች በዓመቱ አክስቴ ለብሳው፣ “እናቴ ስታቅፈኝ እንዲህ ነበር” ስትል ሰምቻለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ይለበሳል፣ አንድ ጊዜ ይታጠባል፤ የሚያጥቡትም እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው።

ቀሚሱ በሚታጠብበት ቀን ማልጄ ተነሥቼ ሁለት ወረቀት ቆረጥኩ። በአንዱ ላይ “አቼቶ”፣ በአንዱ ላይ “በረኪና” ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩ። የማታ መምህራችን እጅ ጽሑፌን አመስግኖ ነበር። በግልጽ ፕላስተር ጠርሙሶቹ ሆድ ላይ ለጠፍኳቸው። ቀዩ ክር ግን ጫፉ ተንጠልጥሎ ጽሑፌን አቋረጠብኝ፤ አበላሸብኝ። ፈታሁትና ኪሴ ከተትኩት። ክር የመሃይም ነው፤ ከእንግዲህ ይህ ቤት በጽሑፍ ይሠራል አልኩ በልቤ። ሲመጡ ልነግራቸው ነበር። ከዚያ ዳቦ ግዢ ተባልኩ፤ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ረሳሁት።

አንባቢዬ፣ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እንዲህ ነው። ልሰርዘውና ደግሜ ልጻፈው፤ እንዲህ አልነበረምና።

ዳቦውን የገዛሁት ወረቀቱን ከመለጠፌ በፊት ነው። እሳቸው ሲመጡ ማድቤቱ ደፍ ላይ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ተዘግቶ፣ በአፋቸው ይተነፍሱ ነበር። “እንዴት አደርሽ ተማሪዋ” አሉኝ፤ “እግዚአብሔር ይመስገን” አልኳቸው። ልነግራቸው የምችልበት የመጀመሪያው ጊዜ ያ ነበር። ነጩ ጋቢ በእንዶድ ታጠበ፤ ሁለተኛው ጊዜ። ሳፋው ተቀየረ፣ ቀሚሱ ተነከረ፣ ታሸ፣ ተለቀለቀ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ያኔ እጃቸው ወደ ኋላ ሄደ። አየሁት። አውራ ጣታቸው የቀረባቸውን ጠርሙስ አንገት ዳሰሰው። አየሁት። ሲያነሱት፣ በእጄ የጻፍኩት “በረኪና” ወደ እኔ ዞረ። አነበብኩት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለማንበብ የወሰደብኝ ጊዜ ስማቸውን ለመጥራት ይበቃ ነበር።

ምን ነበር የምጠብቀው? ዞር ብለው ወረቀቱን እስኪያዩት እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ። “ተማሪዋ፣ ይሄ ምን ይላል?” እንዲሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳቸው ጠያቂ እኔ መላሽ እንድንሆን። ይህ ብቻ ነበር? ወይስ ሲሳሳቱ ማየት አማረኝ? አላውቅም። እኔ እኮ ነገር አጣርቼ ካልያዝኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ስንት ጊዜ ባነሣው ስንት ጊዜ ባጥበው አልጠራልኝም።

አፈሰሱት። ጥለቱ ያለበትን ጠርዝ ውኃው ውስጥ ደፈቁት። ጥቂት ቆይተው ሲያነሡት ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ አረንጓዴው የታመመ ቢጫ ሆኗል፤ ወርቃማው ጠፍቷል። አልጮኹም። “ወይ እናቴ” አሉ፣ ቀስ ብለው። ቀሚሱን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነከሩትና፣ ለመደበቅ ሳይሞክሩ፣ ለማሰብ እንኳ ሳይቆሙ፣ እጃቸው ውኃ እያንጠባጠበ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄዱ። “እትዬ አልማዝ፣ ኑ ጉዴን እዩ” ሲሉ ሰማኋቸው።

እዚህ ጋ ነው እኔ የሠራሁትን የሠራሁት። እስከዚህ ድረስ ያለው ዝምታ ነው፤ ይህኛው ሥራ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ላጥኩ። ክሩን ከኪሴ አወጣሁ። በረኪናው አንገት ላይ አሰርኩት። ቋጠሮውን እንኳ እሳቸው እንደሚቋጥሩት፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ ነው የቋጠርኩት። ይህን ረስቼ አላደረግኩትም፣ ተሳስቼም አይደለም። ስለዚህኛው የምጠይቀው ጥያቄ የለኝም። እኔ ነኝ ያሰርኩት።

አክስቴ መጣች። ቀሚሱን አየች፤ ጠርዙን ይዛ ቆመች። እትዬ አስካለ ወደ ጠርሙሱ ዞሩ። ክሩን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ክሩ አለ” አሉ።

“አለ እንጂ፤ ራስሽ ያሰርሽው አይደል?” አለች አክስቴ።

“አለ። ጣቴ ግን አልሰማውም።”

አውራ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ክሩን ዳሰሱት። እንደገና ጠረጉ፤ እንደገና ዳሰሱት። ሦስተኛ ጊዜም። ልክ እኔ ያቺን ቃል ደጋግሜ እንደሞከርኳት። እኔ ወረቀቶቹን ጨብጬ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

አክስቴ ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። “አስካለ፣ ደክመሻል። ዕረፊ” ብቻ አለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ለእናቷ ፈትል አለቀሰች። የአጣቢ ስም ግን ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። መስቀል ሳይደርስ ሲግናል ሁሉ “አስካለ እጇ ደንዝዟል” ይል ነበር። ሁለት ቤቶች ብቻ አልተዉአቸውም፤ እነሱን እሳቸው ተዉአቸው። “በማላምነው እጅ የሰው ልብስ አልነካም” ብለው ወደ ልጃቸው ቤት፣ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ወጡ። ይህን አክስቴ ራት ላይ ስትናገር ሰማሁ። ራቴን በላሁ።

ሥራ አሳጣኋቸው ብል ቀላሉን ኃጢአት መናዘዝ ነው። ሥራ ይገኛል። እኔ የወሰድኩት ሰው ከራሱ ጋር ያለውን እምነት ነው። ልክ የነበረ ጣት እንደከዳቸው አድርጌ አሳመንኳቸው፤ ማሳመኛዬም የገዛ ክራቸው ነበር። ከዚያ ምን ሆንኩ? ተማርኩ። አለፍኩ። ኮተቤ ሠለጠንኩ። ከሙያ ሁሉ መርጬ ወረቀት የሚለጠፍበት ውስጥ ገባሁ። ቅጣት ነው ወይስ ድፍረት? እሳቸው ባስተማሩኝ እጥበት ስም አወጣሁ፤ ስማቸውን ግን በአፌ አልጠራሁም። እንጦጦ ከመሥሪያ ቤቴ መስኮት ይታያል። መጋረጃ አሰፋሁለት።

አክስቴ ባለፈው ዓመት ሞተች። ዕቃዋ ሲከፋፈል ልጇ ቀሚሱን አመጣችልኝ፤ “ይሄን አንቺ ያዢው፤ ልብስ ማኖር ታውቂያለሽ” አለችኝ። ሦስት ወር ቁምሳጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ቁምሳጥኑን ስከፍት ሌላ ልብስ እያየሁ እዘጋው ነበር። በኋላ ጭራሽ መክፈት ተውኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ያንኑ ሹራብ ለበስኩ። “ምነው፣ ጡረታው ደረሰ እንዴ?” አለኝ የሒሳብ መምህሩ። ቅዳሜውን ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት በእግሬ ሄድኩት፤ ታክሲው ቶሎ እንዳያደርሰኝ ፈርቼ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሻማ የሚሸጡ ሴቶችን “ልብስ ያጥቡ የነበሩ እትዬ አስካለ” ብዬ ጠየቅኩ። “ልብስ አጣቢ አናውቅም። አስካለ፣ የሠናይት እናት፣ ያውልሽ ከባሕር ዛፉ ሥር” አሉኝ። ሥራቸው እንኳ ከስማቸው ላይ ታጥቦ ሄዷል።

ፀሐይ ያሞቀው ግድግዳ ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል።

“ማነሽ?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ አስካለ። ከሲግናል፣ ከእትዬ አልማዝ ቤት። እንደምን አሉ?”

ትንሽ አሰቡ። “ተማሪዋ?”

“አዎ።”

“ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትይኝ? እንዲህ አርጅቻለሁ?” ሳቁ፤ ያው ሳቅ። “ጨረስሽው ፊደሉን?”

“ጨረስኩ።”

“እሰይ። ቁጭ በይ።”

አልተቀመጥኩም። ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና ነገርኳቸው። በመንገድ ላይ ያሰብኩትን መግቢያ ሁሉ ተውኩት። ወረቀቱን፣ ኪሴን፣ ደፉ ላይ መቆሜን፣ ጠርሙሱ ሲዞር ማንበቤን፣ ክሩን መልሼ ማሰሬን። ስጨርስ እጃቸው ቀሚሱ ላይ መሄድ ጀመረ። ጠርዙን አገኙት፤ አውራ ጣታቸው በጥለቱ ላይ ቀስ እያለ ተጓዘ፣ ተጓዘ፣ ቆመ።

“እዚህ ጋ ነው” አሉ። “እዚህ ጋ ፈትሉ ሳስቷል።”

ጣታቸው ያረፈው ልክ ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ጫፍ ላይ ነበር።

“አዎ። እዚያ ጋ ነው።”

“ያን ጊዜ፣ ጠርሙሱን ስዳስሰው፣ ቀዩ ክር የት ነበር?”

“ኪሴ ውስጥ።”

“አንገቱ ላይ አልነበረም።”

“አልነበረም። ጣትዎ ልክ ነበር።”

አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው አሹት፤ ሰው የጨርቅ ጥራት እንደሚለካ። የይቅርታ ቃሌን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር፤ አላወጣሁትም። ይቅርታ መጠየቁ፣ ከእኚህ ሴት አንድ ተጨማሪ ነገር ለመቀበል እጄን መዘርጋት ሆኖ ታየኝ። እሳቸውም ስለ ይቅርታ አላነሡም። ለምን እንዳደረግኩትም አልጠየቁኝም። ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው ተጣሩ።

“ሠናይት፣ ነይ እስቲ።”

የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። እትዬ አስካለ ቀሚሱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣

“ይቺ ሰው የምትለውን ስሚ። እጄ ከድቶኛል እያልኩ ስነግርሽ የኖርኩትን” አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “በይ ንገሪያት። ከክሩ ጀምሪ።”

ከክሩ ጀመርኩ።